ኮር አይ 7 ነው ሲሏችሁ ስንተኛ ጀነሬሽን ብላችሁ ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ ወይ? ባለፈው ሰሞን ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ልጆች ስለሚሆን ላፕቶፕ የጻፋችሁትን አነበብኩት። አልጠላሁትም፣ እንደውም ይሄን ነገር ማን ይጽፈው ይሆን ስል ነበር፣ ግን "ኮር አይ 5 ቢሆን ጥሩ ነው፣ ኮር አይ 7 ከተገኘ ደግሞ ይመረጣል" ብላችሁ ስለ ኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል ማለት ነው) ያለፋችኋት አንዲት መስመር ከዛ ቀን ጀምሮ ሱቄ ውስጥ ጭቅጭቅ አስነስታብኛለች። ወላጁ ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ከቶ ይመጣል፣ ዘርግቶ ያሳየኛል፣ "ይኸው አይ 7 ይላል እኮ" ይለኛል፣ እኔ ቆይ ስንተኛ ጀነሬሽን (ስንተኛው ትውልድ) ነው ስለው ደግሞ የራሴን ዕቃ ልሸጥለት ያሰብኩ ይመስለዋል።

እኔ ላፕቶፕ አልሸጥም። ጅማ ቆጪ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት ነው ያለኝ። ቴክኒሻንም አይደለሁም፣ ግን ያው ከጠዋት እስከ ማታ ተማሪ ነው የሚገባው የሚወጣው፣ አንዱ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ላፕቶፑን እንደ ህጻን አቅፎ "ባትሪው ስለማይዝ እዚህ ሶኬት ላይ ልሰካው" ይለኛል፣ አንዷ አሳይመንት ልታስረክብ አስር ደቂቃ ሲቀራት ኮምፒውተሯ አፕዴት ጀምሮ "እባክህ እንዳታጠፋው" እያለ ያሾፍባታል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የትኛው ላፕቶፕ አራት ዓመት እንደሚዘልቅ፣ የትኛው በሁለተኛው ሴሚስተር እንደሚሞት ሳልማረው ተማርኩት። ለነገሩ መጀመሪያ የተማርኩት በራሴ ብር ነው።

ትንሿ እህቴ በ2017 ሀዋሳ ሲደርሳት ላፕቶፕ ልገዛላት ቃል ገብቼላት ነበር፣ እና ቃል የገባሁት ከሐምሌ 2016 በፊት ነው። ከዛ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ተባለ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ለላፕቶፕ ብዬ ያስቀመጥኳት ብር ቁጭ ባለችበት ቀለጠች። ቃል ቃል ነው ብዬ የቀረችውን ይዤ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ምላሱ ማር ነው፣ "ዩዝድ ለምን ትገዛለህ የሰው ችግር ነው የምትገዛው፣ ይሄ ብራንድ ኒው ነው፣ ፓክድ ነው፣ ፕላስቲኩን ራስህ ቅደደው" አለኝ። 32 ሺህ ብር ቆጥሬ ፕላስቲኩን በኩራት ቀደድኩ። ትልቅ ነው፣ ስክሪኑ 15.6 ኢንች፣ ያብረቀርቃል፣ ጥግ ላይ ሴሌሮን የምትል ስቲከር አለች፣ ለካ የርካሹ ፕሮሰሰር ስም ናት፣ እኔ መኪና መኪና የሚል ስም ነው ብዬ ደስ አለኝ። ራሙ 4 ጂቢ፣ ስቶሬጁ 64 ጂቢ። 64 ሲለኝ እንኳን አልነቃሁም፣ ስልኬ እኮ 128 ነው።

በሁለተኛው ወር ደወለች። "ወንድሜ እንዳትቆጣ፣ ሞላ ይለኛል።" ምን ሞላ? ምንም አልጫነችበትም እኮ፣ ኦፊስና የመምህራኖቹ ፒዲኤፍ ብቻ ነው። ለካ ዊንዶውሱ ራሱ ግማሹን ይዞታል፣ አፕዴት ሲመጣ ደግሞ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚያጣ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል። ለፋሲካ ስትመጣ እዚህ ለማውቀው ጠጋኝ ወሰድኩት፣ ሃርድ ዲስኩን ቀይርልኝ፣ ራምም ጨምርበት አልኩት። ጀርባውን ከፍቶ ትንሽ አየና ሳቀ። "ይሄ እኮ ስልክ ነው፣ ኪቦርድ የገጠሙለት ስልክ" አለኝ። ራሙም ስቶሬጁም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ አይወጣም አይገባም፣ የተወለደበት ነው የሚሞትበት። ጎረቤቴ ቡና ነጋዴ ነው፣ እንደ ቀልድ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥነው፣ 2 ኪሎ ከ300 መዘነ። ያቺን ይዛ ነው እንግዲህ ከዶርም ላይብረሪ ከላይብረሪ ክላስ ስትመላለስ የነበረችው፣ ከጅማ ወልቂጤ ከወልቂጤ አዲስ አበባ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ።

እና አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ኮር አይ 5፣ ኮር አይ 7 ማለት እንደ ማዕረግ ነው፣ ዕድሜውን አይነግራችሁም። ዕድሜውን የሚነግራችሁ ከሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩን አስከፍቱና ሲስተም የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አንብቡት፣ ኮር አይ 7-4600ዩ የሚል ከሆነ ከሰረዟ ቀጥላ ያለችው 4 አራተኛ ጀነሬሽን ነው ማለቷ ነው፣ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኮር አይ 5-8350ዩ ካለ ደግሞ ስምንተኛ ነው። ከአስረኛ ጀምሮ ያሉት 10 ወይ 11 ብለው በሁለት አሃዝ ነው የሚጀምሩት፣ እንዳትሳሳቱ 1 አይታችሁ አንደኛ እንዳትሉ። እና ይሄ ስምንተኛው አይ 5 ያንን አራተኛውን አይ 7 ጥሎት ነው የሚሄደው፣ ምክንያቱም እነዚህ መጨረሻቸው ላይ ዩ ያለባቸው የቀላል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች እስከ ሰባተኛው ጀነሬሽን ድረስ አይ 7 የተባሉትም ሳይቀሩ ሁለት ኮር ብቻ ነበራቸው፣ አይ 5ና አይ 7ቱ አራት የሆኑት ስምንተኛው ላይ ነው። ሁለት ሰው ጤፍ ሲያጭድና አራት ሰው ሲያጭድ እንደማለት ነው። ደላላው ግን ስቲከሩን ነው የሚያሳያችሁ፣ ስቲከር ደግሞ ተገዝቶም ይለጠፋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን በወጉ አይቀበልም። በጓሮ የሚጭኑላችሁ ልጆች አሉ፣ እኔም ጋ ያሉት ጎበዞች ይጭኑታል፣ ይሰራልም፣ ግን ነገ አፕዴት እምቢ ቢላችሁ ማንንም አትወቅሱ። በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንበት የሚሉም አሉ፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር ነፍስ ይዘራል እውነታቸውን ነው፣ ጽሁፍ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚያይ ልጅ አይከፋም፣ አካውንቲንግ ገብቶ ፒችትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ ሂሳብ ፕሮግራም ጫንልኝ ለሚል ልጅ ግን ምን ታደርጉለታላችሁ።

ስለዚህ በትንሽ ብር ምን ይገዛ ካላችሁኝ፣ እኔ ከአዲስ ርካሽ ይልቅ ቢሮ የዋለ አሮጌ ነው የምለው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ትላልቅ ድርጅቶች ለሰራተኞቻቸው ላፕቶፕ በኪራይ ይወስዱና ሶስት አራት ዓመት ተጠቅመው ይመልሳሉ፣ ያ በጅምላ ይሸጥና ብዙው በዱባይ በኩል እኛ ጋ ይደርሳል። ሱቅ ውስጥ ላቲቲዩድ፣ ቲንክፓድ፣ ኤሊትቡክ እያሉ የሚደረድሯቸው እነዚህን ነው። አያምሩም፣ ጥቁር ናቸው ወይ ግራጫ፣ አንዳንዱ ጀርባው ላይ የድርጅት ቁጥር ተለጥፎበት የተላጠ ምልክት አለው፣ ግን የተሰሩት በየቀኑ ቦርሳ ውስጥ እየገቡ እየወጡ እንዲኖሩ ነው፣ ብዙዎቹም ተከፍተው ይታደሳሉ። ስምንተኛ ጀነሬሽን የሚገኝባቸውን በስም ልንገራችሁ፣ ከዴል ላቲቲዩድ 7390 እና 7490፣ ከሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ከኤችፒ ኤሊትቡክ 830 ጂ5 እና 840 ጂ5። የመጀመሪያው ትንሽ ነው 13.3 ኢንች፣ ቲ480 ትንሽ ከበድ ይላል ግን ሁለት ባትሪ አለው፣ አንዱ ውስጥ አንዱ ከኋላ የሚነቀል፣ የኋላው ሲደክም ሳታጠፉት ነቅላችሁ ሌላ ትሰካላችሁ፣ መብራት ሄዶ መጥቶ ለሚጫወትብን ሰዎች ከዚህ በላይ ምን አለ። ራሙ 8 ጂቢ ከሆነ ይበቃል፣ ግን ክፍት ቦታ እንዳለው ወይ የሚቀየር እንደሆነ ጠይቁ፣ ስቶሬጁ ደግሞ የግድ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ) ይሁን፣ 256 ሲሆን ደህና ነው። አሮጌውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለበትን 1 ቴራ ነው ብለው ቢሰጧችሁም ይቅርባችሁ፣ ሲከፈት ቡና ተቆልቶ ተፈልቶ አቦል ይደርሳል።

ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ ጽፌ ጋዜጣው እስኪወጣ ይለወጣል። ለእህቴ በሁለተኛው ዙር 7390 ነው የገዛሁላት፣ 38 ሺህ ነው የከፈልኩት፣ የመጀመሪያውን ለአንድ የሰፈር ልጅ ፊልም ማያ ብዬ በ14 ሸጥኩት፣ ኪሳራዬን እናንተው ደምሩት። አዲሷን እዛችው ቡና ሚዛን ላይ ከነቻርጀሯ 1 ኪሎ ከ600 አገኘናት። ሰባት መቶ ግራም ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ በትከሻችሁ ተሸክማችሁ አራተኛ ፎቅ ውጡባትና ንገሩኝ።

እሷም ግን ጉድ ነበረባት። ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አይተን ነው የገዛናት፣ ፎቶው ላይ ኪቦርዱ በደንብ አይታይም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስትመጣ የጀርመን ኪቦርድ ናት። ጀርመኖቹ ዋይና ዜድን ቦታ አቀያይረዋቸዋል፣ ላፕቶፑ ደግሞ ውስጡ በእንግሊዝኛ ተስተካክሎ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ዋይ የተጻፈበትን ስትነኩ ዜድ ይወጣል። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ብዙም ላይታወቃችሁ ይችላል፣ በአማርኛ ግን ያለ "የ" ምን ይጻፋል? እህቴ ኪቦርዱን እያየች ነው የምትጽፈው፣ የመጀመሪያ አሳይመንቷን ርዕስ ስትጽፍ "የኢትዮጵያ" ያለችው "ዘኢትዞጵዛ" ሆኖ ወጣ። ግማሽ ግዕዝ ነው የሆነው። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ደንበኛ አበደ ነው ያለው። አሁን ሁለቱ ፊደሎች ላይ በነጭ ፕላስተር ጽፋ ለጥፋባቸዋለች፣ ለመደችው። የፈረንሳይ ኪቦርድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ ኤ እና ኪው ሳይቀሩ ቦታቸው ላይ አይደሉም። አንድ ነገር ልመስክር ግን፣ የጀርመኑ ቻርጀር ሹካው ያለ ምንም አዳፕተር ሶኬታችን ውስጥ ጥርቅም ነው የሚለው፣ ከእንግሊዝ የመጣው ባለ ሶስት ጥርሱ ነው መከራ።

ሱቅ ሄዳችሁ ስትገዙ አትቸኩሉ፣ ሻጩ ቢነጫነጭም ይነጫነጭ። መጀመሪያ አጥፍታችሁ አብሩትና ገና ሲነሳ ወደ ሴቲንጉ ግቡ፣ በዴል ኤፍ 2፣ በሌኖቮ ኤፍ 1፣ በኤችፒ ኤፍ 10 ነው። ፓስዎርድ ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላወቀው አስቀምጡትና ውጡ፣ የሰው ድርጅት ቆልፎት የመጣ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ስታገናኙት ሎጊኑ ላይ የማታውቁት የውጭ ኩባንያ ስም ብቅ ካለም ያው ነው፣ አንድ ተማሪ እኔ ጋ ፎርማት ሲያደርገው እንዲህ ያለ ስም ወጥቶበት አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቷል።

ከዛ ባትሪ። ባትሪ ላይ ሁሉም ይዋሻል፣ "አራት ሰዓት ይይዛል" የማይል ሻጭ ካያችሁ አሳዩኝ። ኮማንድ የሚባለውን ጥቁር ገጽ የሚከፍት ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎረቤት አንድ አይጠፋም፣ የባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ በሉት። ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል፣ አንደኛው ባትሪው ሲሰራ የነበረው አቅም ነው፣ ሁለተኛው አሁን ሙሉ ሲሆን የሚይዘው። የእህቴ ስትሰራ 60 ሺህ ነበረች፣ የገዛናት ቀን 41 ሺህ ትላለች፣ ሁለት ሶስተኛው አለ ማለት ነው፣ ለዚህ ዕድሜ መልካም ነው። ግማሽ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ፣ ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ደምራችሁ አስቡ። እሱም ካልሆነላችሁ እኔ የማደርገውን አድርጉ፣ ፍላሽ ላይ አንድ ረዥም ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቻርጀሩን ንቀሉና ክፈቱት፣ ፐርሰንቱን ልብ በሉ፣ እዛው በር ላይ ካለችው ልጅ ሁለት ሲኒ ቡና ጠጡና ተመለሱ። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ100 ወደ 60 ከወረደ ቡናው አዋጥቷችኋል።

ደሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ወላጆች አይወዱልኝም ይሄን። ለፍሬሽማን ላፕቶፕ አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ዓመት ሎጂክ ነው፣ ጂኦግራፊ ነው፣ ሳይኮሎጂ ነው፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ነው፣ ሞጁሉ በቴሌግራም ነው የሚላከው፣ ስልክ ላይ ይነበባል፣ የሚታተመውም እኔ ጋ ይታተማል (ለገበያዬ ብዬ አይደለም)። ልጁ ምን ዲፓርትመንት እንደሚገባ ሳታውቁ ምን እንደምትገዙለት አታውቁም። ጤና ወይ ቢዝነስ ከገባ አሁን ያልኩት 8 ጂቢ ሰተት አድርጎ ያስመርቀዋል፣ ኤክሴልም ኤስፒኤስኤስም ይከፍታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚማሩት የሲቪል ልጆች ግን አውቶካድና ኢታብስ የሚባሉትን የዲዛይን ፕሮግራሞች ከፍተው ሌላ ነገር መክፈት ሲያቅታቸው ነው እኔ ጋ የሚመጡት፣ ሶፍትዌር የሚማሩትም አንድሮይድ ስቱዲዮ ከፍተው ማራገቢያው እንደ ሄሊኮፕተር ሲጮህ፣ እነሱ 16 ጂቢ ያስፈልጋቸዋል፣ አርክቴክቸር ከሆነ ደግሞ ባለ ግራፊክስ ካርድ፣ ያ ሌላ ዋጋ ነው ሌላ ክብደትም ነው። አንድ ዓመት ብትታገሱ ብሩም ይጠራቀማል። "ጓደኞቹ ይዘው እሱ ባዶ እጁን" የምትሉት ይገባኛል፣ እኔም ለእህቴ ያቺን ጉድ የገዛሁላት በዛ አንጀት ነው።

የጅማን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ክረምት አልፏል ብሎ የሚያምነው እንግዳ ብቻ ነው። የላፕቶፕ ቦርሳ ውሃ አይገባውም ቢሏችሁም ውስጡ አንድ ወፍራም ፌስታል አይጥፋ።

እናንተንም የምለምናችሁ፣ ሌላ ጊዜ የላፕቶፕ ነገር ስትጽፉ ከአይ 5 እና አይ 7 ጎን ጀነሬሽኑን ጻፉት፣ ስቶሬጁ ኤስኤስዲ ነው ወይስ ስልክ ላይ እንዳለው የተበየደ ነው እሱንም፣ ክብደቱንም። ሶስት ቃል ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ያሉትንም ሱቆች እንዲጽፉ ብታደርጓቸው ጥሩ ነበር፣ "ኮር አይ 7 በአስገራሚ ዋጋ" ብቻ እያሉ ነው የሚያወጡት።

ይሄን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገችኝ ከሰቃ የመጣች አንዲት እናት ናት። ባለፈው ሐሙስ ልጇን ይዛ መጣች፣ ኦሮምኛ ነው የምናወራው፣ ቀይ ቡናዋን ለቅማ የሸጠችበትን ብር በሻሽ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ይዛዋለች፣ ልጁ የጋዜጣችሁን ቁራጭ ይዟል። እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ ኮር አይ 7 አይተው ቀብድ ሊከፍሉ ነው፣ ስፔሲፊኬሽኑን ፕሪንት አድርግልን ብለው ነው እኔ ጋ የገቡት። በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አየሁት፣ አራተኛ ጀነሬሽን፣ ራሙ 4፣ ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከረው። ነገርኳቸው። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፣ እናቱ እኔን ትንሽ አየችኝ፣ ከዛ ሻሹን መልሳ አሰረችና "እና አንተ የት ትገዛለህ?" አለችኝ። ቅዳሜ ሱቁን ለታናሽ ወንድሜ ትቼ አብሬያቸው ልወጣ ነው፣ ፍላሹ ላይ ቪዲዮውን ጭኛለሁ።

ከጅማ፣ ቆጪ
የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ